የታሰረ ፍሎራይድ፣ ነፃ ፍሎራይድ፦ አንድ ውሃ ስንት ቁጥር አለው?

የመጽሔቱ አዘጋጅ ኮሚቴ «ከሙያሽ ጋር የሚገናኝ ታሪካዊ ጽሑፍ ላኪልን» ሲለኝ፣ ብዙዎቻችሁ የጥቁር አንበሳን የሌሊት ተረኝነት ትዝታ እንደምትጠብቁ ገምቻለሁ። እሱን ለሌሎች ትቼዋለሁ፤ ከእኔ የተሻለ የሚያወሩት ሞልተዋል። እኔ የመረጥኩት ሐኪምና ኬሚስት ከተለያየ በር ገብተው አንድ ክፍል ውስጥ የሚገናኙበትን ጉዳይ ነው፦ ውሃ ውስጥ ያለ ፍሎራይድ እንዴት ይለካል? በተለይ ደግሞ ፍሎራይዱ ከአሉሚኒየም ጋር ተጣብቆ ሲገኝ የትኛው መሣሪያ ያየዋል፣ የትኛውስ ያልፈዋል? ነገሩ ሲሰሙት የአራት ኪሎ ላቦራቶሪ ጉዳይ ይመስላል። ግን ሲቀላ ድረስ መጥቶ በሐኪም በር ቆሟል። የሳይንስ ታሪክ ስለሆነ ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌያለሁ።

ከሲቀላ ሲታይ

አርባ ምንጭን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከተማዋ ሁለት ናት ማለት ይቻላል። ላይ ሴቻ፣ ታች ሲቀላ። ሴቻ ነፋሻ ናት፣ ሲቀላ ደግሞ ሙቀቱም ገበያውም ባጃጁም ይበዛባታል። ከምሥራቅ አባያና ጫሞ፣ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ፤ ከምዕራብ የጋሞ ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሟል። ለከተማዋ ስም የሰጡት ምንጮች ከዚያ ግድግዳ ሥር የሚፈልቁ ናቸው። ምንጭ የሚጠጣ ሰው ስለ ፍሎራይድ ብዙ አይጨነቅም። ጭንቀቱ ያለው በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ በየቦታው ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍሮ የሚጠጣው ዘንድ ነው።

ምክንያቱ ከጂኦሎጂ የመጣ ነው። የስምጥ ሸለቆ አለቶች አብዛኞቹ እሳተ ገሞራ የተፋቸው ናቸው፤ ፍሎራይድም ይዘዋል። ውሃው በእነሱ ውስጥ ረጅም ጊዜ ሲቆይ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ይበዛበታል፣ ካልሲየሙ ግን ያንሳል። ካልሲየም በቂ ቢሆን ኖሮ ፍሎራይዱን ይዞት ካልሲየም ፍሎራይድ ሆኖ በዘቀጠ ነበር። ካልሲየም ሲጠፋ ፍሎራይዱ የሚይዘው ያጣና ውሃው ውስጥ ነፃ ሆኖ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ ጥርሳቸውን በማብቀል ላይ ባሉ ልጆች ላይ ጥርስ ይበልዛል። በብዙ እጥፍ አልፎ ለብዙ ዓመት ሲጠጣ ደግሞ አጥንት ይጠነክራል፣ አንገትና ወገብ ይደርቃል፣ አንዳንዴም ኅብለ ሰረሰር ይጫናል።

አንድ ጊዜ የአንድ ቀበሌ የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ የሆኑ አዛውንት ሁለት ወረቀት ይዘው መጡ። ሁለቱም ፍሎራይድን ከሚያጣራ ከአንድ ገንዳ፣ በአንድ ቀን የተቀዳ ውሃ ውጤት ነው። ሁለት የተለያዩ ላቦራቶሪዎች ነው የሠሩት፤ አንዱ ከወሰን በታች፣ ሌላው ከወሰን በላይ ይላል።

«ዶክተር፣ ልጄ፣ የቱን ልመን?» አሉኝ።

«አባባ፣ እስቲ መጀመሪያ በምን እንደለኩት እንይ» አልኳቸው። ወረቀቶቹ ላይ ግን ቁጥር እንጂ ዘዴ አልተጻፈም።

«ለሕዝቡ ጠጡ ልበል ወይስ አትጠጡ?»

ይህ ጽሑፍ የእሳቸውን ጥያቄ በታሪክ በኩል ለመመለስ የተደረገ ሙከራ ነው። መልሱ አንደኛው ላቦራቶሪ ሰነፍ ነው፣ ሌላኛው ጎበዝ ነው የሚል አይደለም። ሁለቱም ሥራቸውን በትክክል ሠርተው ሁለት የተለያየ ቁጥር ሊያወጡ ይችላሉ። እንዴት ቢባል፣ የለኩት አንድ ነገር ላይሆን ይችላልና።

ሐኪም ቀድሞ የሚያውቀው ኮምፕሌክስ

ኮምፕሌክስ ማለት አንድ የሜታል አዮን መሐል ተቀምጦ ሌሎች አዮኖች ወይም ሞለኪውሎች ሲከቡትና ሲይዙት የሚፈጠረው ጥምረት ነው። ይህን ሐሳብ በ1893 በሥርዓት ያስቀመጠው ስዊዘርላንድ ይሠራ የነበረው አልፍሬድ ቬርነር ነው፤ በ1913 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል።

እኛ ሐኪሞች ስሙን ረስተነው ይሆናል እንጂ ከነገሩ ጋር በየቀኑ እንውላለን። ወይን ጠጅ ክዳን ያለው የደም ቱቦ ውስጥ ያለው ኢዲቲኤ ካልሲየምን አቅፎ ስለሚይዘው ነው ደሙ የማይረጋው። ከዚያ ቱቦ ላይ ካልሲየም ለክቶ «ታካሚው ካልሲየም የለውም» የሚል ኢንተርን ሲገኝ የዋርድ ዙሩ እንዴት እንደሚሆን ታስታውሳላችሁ። ካልሲየሙ አልጠፋም፤ ታስሯል እንጂ።

ደም ውስጥም ቢሆን ግማሽ የሚጠጋው ካልሲየም ከአልቡሚንና ከሌሎች ጋር ተጣብቆ ነው የሚዞረው። ልብንና ነርቭን የሚያዘው ነፃው ነው። አልቡሚኑ የወረደ ታካሚ ጠቅላላ ካልሲየሙ ዝቅ ብሎ ነፃው ደህና ሊሆን ይችላል። ታዲያ ነፃውን ለብቻ የመለካት ታሪክ ደስ የሚል ነው። በ1934 አሜሪካውያኑ ማክሊንና ሄስቲንግስ ለዚህ የተጠቀሙበት መሣሪያ የእንቁራሪት ልብ ነበር። ከአካል የወጣው ልብ በፈሳሹ ውስጥ ሲመታ፣ የምቱ ከፍታ ለነፃው ካልሲየም ብቻ ነው መልስ የሚሰጠው። የታሰረውን ልቡ አያየውም። ምቱን መጠኑ ከሚታወቅ ፈሳሽ ጋር እያነጻጸሩ ነፃውን ለኩት። ካልሲየም የሚለካ ኤሌክትሮድ የመጣው ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ይዘን እንሂድ። አንዳንድ መሣሪያ ጠቅላላውን ይቆጥራል፣ አንዳንዱ ነፃውን ብቻ ያያል። የፍሎራይድም ነገር እንዲሁ ነው።

ሳይነኩ ማየት ይቻላል?

ኮምፕሌክስን በውሃ ውስጥ ማጥናት የሚከብደው በሚዛን ላይ ያለ ነገር ስለሆነ ነው። ይታሰራል፣ ይፈታል፣ እንደገና ይታሰራል። አንዱን ወገን ነጥላችሁ ልታወጡ ስትሞክሩ ሌላው ቦታውን ለመሙላት ይንቀሳቀሳል። ሰፈር ውስጥ ስንት ሰው እቤቱ እንዳለ ለማወቅ በር እያንኳኳችሁ ሁሉንም ደጅ እንደ ማስወጣት ነው። ሰዎቹን ትቆጥራላችሁ፣ ማን የት እንደነበረ ግን አታውቁም።

የመጀመሪያዎቹ ዘዴዎች ቀለም ላይ የተመሠረቱ ነበሩ። ፈረንሳዊው ፖል ዦብ በ1928 ባስተዋወቀው ዘዴ፣ ሜታሉና የሚይዘው ነገር ድምራቸው ሳይለወጥ ድርሻቸው ብቻ እየተቀያየረ ይደባለቃል። ቀለሙ የሚደምቅበት ድርሻ የኮምፕሌክሱን ቀመር ይነግራል። ብዙዎቻችሁ ብረትን ከታዮሳያኔት ጋር ደባልቃችሁ ያን ደም የመሰለ ቀይ ያያችሁበት ሙከራ የዚህ ዘመድ ነው። ዘዴው ቀላልና ርካሽ ነው። ነገር ግን አስተማማኝ የሚሆነው አንድ ኮምፕሌክስ ብቻ ሲፈጠር ነው፤ ብዙ ዓይነት በአንድ ላይ ሲኖር ያሳስታል።

አሉሚኒየምና ፍሎራይድ ደግሞ በሁለቱም በኩል ለዦብ አይመቹም። አንደኛ፣ ቀለም የላቸውም። ሁለተኛ፣ አንድ አሉሚኒየም ከአንድ እስከ ስድስት ፍሎራይድ ተራ በተራ ይይዛል። ይህን የደረጃ በደረጃ ነገር ለመፍታት መንገዱን የከፈተው ዴንማርካዊው ያኒክ ብየሩም ነው። በ1941 ባወጣው የዶክትሬት ሥራው ሜታል አጋሮቹን አንድ በአንድ እንደሚቀበል፣ እያንዳንዱም ደረጃ የራሱ የጥንካሬ ቁጥር እንዳለው አሳየ፤ የቁጥሮቹንም አወጣጥ አስተማረ።

ከ2 ዓመት በኋላ፣ በ1943፣ ብሮሴትና ኦሪንግ የተባሉ ስዊድናውያን ይህንኑ መንገድ ለአሉሚኒየም ፍሎራይድ ተጠቀሙበት። በጊዜው ፍሎራይድን በቀጥታ የሚያይ ኤሌክትሮድ አልነበረም። ስለዚህ በተዘዋዋሪ ሄዱ። ሁለት ዓይነት ብረት ያለበት ፈሳሽ አዘጋጁ፦ ሁለት ኤሌክትሮን የጎደለውና ሦስት የጎደለው። ሦስት የጎደለው ፍሎራይድን ይወዳል፤ ሲይዝ የፈሳሹ ቮልቴጅ ይለወጣል። አሉሚኒየም ሲጨመር ደግሞ ፍሎራይዱን ከብረቱ ይቀማዋል፤ ቮልቴጁ መልሶ ይለወጣል። ከቅሚያው መጠን አሉሚኒየም ስንት እንደያዘ አሰሉ። የማይታየውን ሰው ከባላጋራው ፊት ላይ እንደ ማንበብ ነው።

ያገኙት ቁጥር ዛሬም መጻሕፍት ውስጥ አለ። የመጀመሪያው ደረጃ ጥንካሬ 10 ላይ 6.1 ከፍ ብሎ እንደሚጻፈው ነው። ወደ እኛ ቋንቋ ስንመልሰው፣ ኮምጣጣነት ባለው ውሃ ውስጥ ነፃ ፍሎራይድ በሊትር 0.015 ሚሊግራም ያህል ብቻ ሲሆን እንኳ ፍሎራይድ የያዘውና ያልያዘው አሉሚኒየም እኩል ይሆናሉ። ይህ የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን መቶኛ ነው። እንግዲህ ወሰኑ ላይ ሲደርስ ምን ያህል እንደሚጣበቁ ገምቱ። ውሃው ኮምጣጣነቱን እየለቀቀ ሲሄድ ግን ሃይድሮክሳይድ መጥቶ አሉሚኒየሙን ይሻማል፤ ፍሎራይዱም ይለቀቃል። ለዚህ ነው የውሃው ፒኤች ሳይጻፍ የአሉሚኒየምና የፍሎራይድ ወሬ ግማሽ የሚሆነው።

ፍሎራይድን ያየ ዓይን

ፍሎራይድ የበለዘ ጥርስ ምክንያት መሆኑ የታወቀው በአሉሚኒየም ኩባንያ ላቦራቶሪ ውስጥ መሆኑ ይገርመኛል። አርካንሶ ውስጥ ቦክሳይት በምትባል የማዕድን ከተማ የልጆች ጥርስ ይበልዝ ነበር። የአልኮዋ ዋና ኬሚስት ቸርችል በ1931 የከተማዋን ውሃ በስፔክትሮግራፍ አስመርምሮ ብዙ ፍሎራይድ እንዳለበት አሳወቀ። ስፔክትሮግራፍ ናሙናውን አቃጥሎ ከብርሃኑ ንጥረ ነገሩን የሚለይ ነው። መኖሩን ይነግራል፤ ከማን ጋር ታስሮ እንደነበር ግን ሲቃጠል አብሮ ይጠፋል።

ከዚያ ቀለም መጣ። በ1958 ቤላክና ሹቦው ያወጡት፣ ስፓድንስ የሚባለው ዘዴ እስከ ዛሬ በብዙ የውሃ ላቦራቶሪ አለ። አሠራሩ ራሱ ኮምፕሌክስ ነው፦ ዚርኮኒየምና ቀይ ቀለም ተጣብቀው ይጠብቃሉ። ፍሎራይድ ሲመጣ ዚርኮኒየሙን ከቀለሙ ይነጥቀዋል፤ ቅላቱ ይደበዝዛል። የድብዘዛው መጠን በ570 ናኖሜትር ብርሃን ይነበባል። ርካሽና ፈጣን ነው። ነገር ግን ውሃው ውስጥ አሉሚኒየም ካለ ፍሎራይዱን ይዞ አይለቅም፤ ዚርኮኒየሙን የሚነጥቅ ይጠፋል፤ ንባቡ ዝቅ ይላል። ከ2 እስከ 4 ሰዓት ቢቆይ ሪኤጀንቱ ቀስ በቀስ ፍሎራይዱን ያስለቅቃል፣ ስህተቱም ይቀንሳል። ወረፋ ያለበት ላቦራቶሪ ግን ማን ይጠብቃል? ፎስፌት ደግሞ በተቃራኒው ንባቡን ከፍ ያደርጋል። እንደ አባያ ያለ ደለሉ ያቀላው ውሃማ ሳይጣራ በቀለም ዘዴ አይሞከርም፤ መሣሪያው የደለሉን ቀለም ከራሱ ቀለም አይለየውም። ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ በ1933 ዊላርድና ዊንተር ያወጡት ዘዴ ነው፦ ውሃውን በአሲድ አፍልቶ ፍሎራይዱን በእንፋሎት ማውጣት። ጠቅላላውን በታማኝነት ይሰጣል፤ ግን አሲድ፣ እሳትና ጊዜ ይፈልጋል።

በ1966 ፍራንትና ሮስ የእንቁራሪቷን ልብ የሚተካ ነገር ለፍሎራይድ አመጡ። ከላንታነም ፍሎራይድ የተሠራች ትንሽ ክሪስታል ናት። ከጥቂት ነገሮች በቀር ለነፃ ፍሎራይድ ብቻ መልስ ትሰጣለች። ፍሎራይዱ 10 እጥፍ ሲሆን ቮልቴጁ በ25 ዲግሪ 59 ሚሊቮልት ይለወጣል። ግማሹ ፍሎራይድ ቢታሰር ለውጡ ወደ 18 ሚሊቮልት ነው፤ ይህን ተራ መሣሪያ በቀላሉ ያያል። በሌላ በኩል የ1 ሚሊቮልት መዛባት የ4 በመቶ ያህል ስህተት ስለሆነ፣ የሲቀላን ከሰዓት ሙቀትና የጠዋቱን ሙቀት ሳያስተካክሉ መለካት ዋጋ ያስከፍላል።

እነዚሁ ሰዎች በ1968 ቲሳብ የሚባለውን ማስተካከያ ፈሳሽ ጨመሩ። ሦስት ሥራ ይሠራል። የጨዉን ብዛት እኩል ያደርጋል። ፒኤቹን 5 አካባቢ ይይዛል፤ ከዚያ ቢወርድ ፍሎራይዱ ከሃይድሮጅን ጋር ይጣበቃል፣ በጣም ቢወጣ ደግሞ ሃይድሮክሳይድ ክሪስታሏን ያታልላል። ሦስተኛው ለእኛ ዋናው ነው፦ ሲዲቲኤ የሚባል የኢዲቲኤ ዘመድ አለበት። አሉሚኒየሙንና ብረቱን አቅፎ ፍሎራይዱን ያስለቅቃል። ስለዚህ አንዲቷ ኤሌክትሮድ ያለ ሲዲቲኤ ነፃውን፣ ከሲዲቲኤ ጋር ደግሞ ጠቅላላውን ትነግራለች። አሉሚኒየሙ በሊትር ከጥቂት ሚሊግራም ካላለፈና በቂ ጊዜ ከተሰጠው ማለቴ ነው።

ሌሎቹም የየራሳቸው ዕድል አላቸው። አለን ዋልሽ በ1955 አውስትራሊያ ውስጥ ያስተዋወቀው አቶሚክ አብዞርፕሽን ሜታሉን በነበልባል አትንኖ ይቆጥራል። አሉሚኒየም ስንት እንደሆነ እንጂ ከማን ጋር እንደነበር አይጠይቅም። ይህ ዓይነቱ ጠቅላላ ቁጥር ግን ሕይወት አድኗል። በ1976 አልፍሬይና ባልደረቦቹ ዲያሊሲስ ላይ የነበሩ ሰዎችን አእምሮ የሚያጠፋውን በሽታ ከአሉሚኒየም ጋር ያያያዙት የአንጎል ቲሹ ውስጥ ያለውን አሉሚኒየም በመለካት ነው። በ1975 ስሞል፣ ስቲቨንስና ባውማን ያወጡት አዮን ክሮማቶግራፊ ፍሎራይድን ከክሎራይድና ከናይትሬት ጋር በአንድ ጊዜ ይለያል። ግን ናሙናው በቱቦው ውስጥ ሲሄድ ሚዛኑ ስለሚናጋ፣ ደካማው ጥምረት መንገድ ላይ ይፈታል። ሳይነካ የሚያየው ኤንኤምአር ነው። ኮኒክና ፖልሰን በ1957 የፍሎሪንን ድምፅ አዳምጠው፣ አንድ ፍሎራይድ የያዘውንና ሁለት የያዘውን አሉሚኒየም በየስሙ ለይተው አይተዋል። ከስዊድናውያኑ ስሌት ጋርም ገጠመላቸው። ችግሩ መሣሪያው ውድ ነው፤ የሚፈልገውም መጠን ከመጠጥ ውሃችን በጣም የበዛ ነው።

ከወንጂ እስከ ናልጎንዳ

የአገራችን የፍሎራይድ ታሪክ ያለ ወንጂ አይነገርም። የሆላንዱ ኩባንያ ኤችቪኤ በ1954 ስኳር ማምረት ሲጀምር ሠራተኛው የሚጠጣው ጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ጎልማሶቹ ወገባቸው መድረቅ፣ እግራቸው መስነፍ ጀመረ። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1987 የስምጥ ሸለቆን ፍሎሮሲስ የሚመለከት ጥናት አወጡ። በ1990 ደግሞ የአጥንቱ ፍሎሮሲስ ኅብለ ሰረሰርንና የነርቭ ሥሮችን እንዴት እንደሚጫን ጻፉ። በ2006 ከኢትዮጵያና ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር የአገሪቱን የፍሎራይድ ስርጭት የሚያሳይ ሥራ አሳተሙ። እነዚያን ጽሑፎች ስታነቡ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሐኪሙ ከሬፍሌክስ መዶሻው ጎን የውሃ ቁጥር አስቀምጧል። ያ ቁጥር ካልታመነ ምርመራው አንድ እግሩን ያጣል።

ያልተነካ የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ላይ ዘዴዎቹ ብዙም አይጣሉም። ውሃው አልካሊ ነው፤ ነፃ የሚቀረው አሉሚኒየም እጅግ ጥቂት ነው፤ ፍሎራይዱ በአብዛኛው ነፃ ነው። ጸቡ የሚጀምረው ውሃውን ለማከም እጃችንን ስናስገባ ነው።

ናልጎንዳ በሕንድ የሚገኝ አውራጃ ነው። በ1970ዎቹ የሕንድ የአካባቢ ምሕንድስና ምርምር ተቋም ያወጣው የማጣሪያ ዘዴ በስሙ ይጠራል። አሉሚኒየም ሰልፌትና ኖራ ውሃው ላይ ይጨመራል፣ ይማሰላል፣ እንዲዘቅጥ ይተዋል። የሚፈጠረው የአሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ጭቃ ፍሎራይዱን ይዞ ይወርዳል። ዋጋው ርካሽ፣ እቃው ገበያ ላይ ያለ ስለሆነ በእኛም ስምጥ ሸለቆ ተሞክሯል። ከእኛው አራት ኪሎ ደግሞ ሽመልስ፣ ፈለቀ ዘውገና ቻንድራቫንሺ በ2006 በኢትዮጵያ ኬሚካል ሶሳይቲ ቡለቲን ላይ አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድን ራሱን ለዚህ ሥራ የመጠቀም ጥናት አሳትመዋል። አለቃውም ጭፍራውም አሉሚኒየም ነው እንግዲህ።

መጠኑ ወይም ፒኤቹ ሲዛባ ግን ሁሉም አሉሚኒየም አይዘቅጥም። የተወሰነው ፍሎራይዱን እንዳቀፈ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ ይቀራል። አሁን ዘዴዎቹን አሰልፉ። ያለ ሲዲቲኤ የተነከረች ኤሌክትሮድ ነፃውን ብቻ አይታ «ውሃው ድኗል» ትላለች። ወዲያው የተነበበ ስፓድንስም ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል። ሲዲቲኤ የተጨመረበት ኤሌክትሮድ ወይም በአሲድ የተፈላ ናሙና ግን ከፍ ያለ ቁጥር ያወጣል። የአዛውንቱ ሁለት ወረቀቶች እንዲህ ሊወለዱ ይችላሉ።

ለሕዝቡ ምን ይባላል?

ጠያቂ ሰው «የታሰረው ፍሎራይድ ጉዳት ካለው ምን አለ?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አሉሚኒየም ያለባቸው የጨጓራ መድኃኒቶች የፍሎራይድን ወደ ደም መግባት እንደሚቀንሱ ይታወቃል። ስለዚህ የታሰረው ከነፃው ጋር እኩል ነው ማለት አይቻልም። ግን ጨጓራ ቢከር አይደለም። ፒኤቹ ወደ 1 እና 2 ይወርዳል፤ እዚያ ሚዛኑ እንደገና ይሠራል፣ ፍሎራይድም ከሃይድሮጅን ጋር ሆኖ በቀላሉ ግድግዳ ያልፋል። ምግብ አለ፣ ወተት አለ፣ ካልሲየም አለ። ላቦራቶሪ ውስጥ በፒኤች 6 የታሰረ ነገር ሆድ ውስጥ እንደታሰረ ይቆያል ብሎ ማንም ዋስ ሊሆን አይችልም። ዋስ በሌለበት ሐኪም የሚይዘው የጥንቃቄውን ቁጥር ነው፦ ጠቅላላውን።

ሌላም አለ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ራሱ መረጃ ነው። ነፃው ዝቅ፣ ጠቅላላው ከፍ ካለ ውሃው ውስጥ የሟሟ አሉሚኒየም ቀርቷል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለትንንሽ ማጣሪያዎች በተግባር ሊደረስበት የሚችል ብሎ ያስቀመጠው የአሉሚኒየም መጠን በሊትር 0.2 ሚሊግራም ነው። ኩላሊታቸው ለደከመ ሰዎች፣ በተለይ ዲያሊሲስ ላይ ላሉት፣ ይህ ቀልድ አይደለም። የ1976ቱ ታሪክ የተጻፈው በእነዚያ ታካሚዎች ነው። እና ሁለቱ ላቦራቶሪዎች ሳያውቁት አብረው አንድ ሦስተኛ ነገር ለክተው ነበር፤ የማጣሪያው ሥራ መዛባቱን።

ለአዛውንቱ የነገርኳቸው አጭሩን ነው። «አባባ፣ ከፍ ያለውን ይያዙ። ልጆቹና እርጉዞቹ ለጊዜው ከምንጭ ይጠጡ። የማጣሪያውን ሠራተኛ ደግሞ የአሉሚኒየም ሰልፌቱንና የኖራውን ልክ እንደገና ይለካ ይበሉት።» እሳቸውም «ታዲያ ወረቀቱ ላይ ይህን ለምን አይጽፉትም?» አሉኝ። ልክ ናቸው።

ስለዚህ እኔም ለእናንተ ያለኝ ጥያቄ የእሳቸው ነው። ከእኛ መካከል ላቦራቶሪ የሚመሩ አሉ፣ የውሃ ቢሮ ኃላፊዎች አሉ፣ ተማሪ የሚያማክሩ መምህራን አሉ። እኛው ሰፈር አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲም ከ1986ቱ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተወለደ ነው፤ የውሃ መሐንዲስ አናጣም። የፍሎራይድ ውጤት ሲወጣ ከቁጥሩ ጎን ሦስት ነገር ቢጻፍ ትልቅ ወጪ የለውም፦ ዘዴው፣ የናሙናው ፒኤች፣ ውሃው በአሉሚኒየም መታከም አለመታከሙ። የታከመ ከሆነ ኤሌክትሮዷ ሁለት ጊዜ ትነከር፤ አንዴ ያለ ሲዲቲኤ፣ አንዴ ከሲዲቲኤ ጋር። የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። የመመረቂያ ርዕስ ለቸገረው ተማሪም፣ በየማጣሪያው የነፃውንና የጠቅላላውን ልዩነት ዓመቱን ሙሉ መከታተል ከበቂ በላይ ነው። የሚከታተል ካለ ናሙና ቀጂ አላጣም፤ የበለዘ ጥርስ ያለው ልጅ ባየሁ ቁጥር የሚጠጣበትን ጉድጓድ እጠይቃለሁ፣ ጀሪካን ይዞ የሚመጣም አይጠፋም።

ለመምህራኖቻችን ረጅም ዕድሜ፣ ለጓደኞቼ ደግሞ ለከርሞ በሰላም ያገናኘን። ወደ ደቡብ ብቅ የምትሉ ሲቀላ ዓሣው አለ፣ ሙዙም አለ፤ ውሃውንም ለክተን እናጠጣችኋለን።